ልጆች ይዛችሁ ጦሳ ከመውጣታችሁ በፊት፡ የስካውት መሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ያው ነው፣ አዲስ መሪ ይመጣል፣ ስካርፉን አሳምሮ ያስራል፣ ከዛ ልጆቹን ሰብስቦ የደሴውን ተራራ ጦሳን ሽቅብ ይላል። ልጆቹም ደስ ይላቸዋል እሱም ደስ ይለዋል። ግን ተራራው ላይ የሚሰራው ስህተት ሁሌም አንድ አይነት ነው፣ እስቲ ልናገርና ይውጣልኝ።

በጣም የሚያናድደኝ ጎበዙን ከፊት ማስቀደም ነው። እግረ ፈጣን የሆኑት ጎረምሶች ቀድመው ይወጣሉ፣ መሪውም ሞራሉ ተነስቶ አብሯቸው ይሮጣል፣ ትንሿ ልጅ ኋላ ትቀራለች። እነሱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ቆሎ ሲቆረጥሙ ቆይተው እሷ እያለከለከች ስትደርስ "በሉ እንነሳ!" ይባላል። ያልደከመው አርፎ የደከመችው ሳታርፍ ትቀጥላለች ማለት ነው። ኧረ በናታችሁ! አንዴ እንዲህ ተዘርግተው ሲወርዱ ጉም መጣ፣ የጦሳን ጉም የደሴ ሰው ያውቀዋል፣ አሁን ከተማውን ቁልቁል እያየህ ነበር ዘወር ስትል ከፊትህ ያለው ሰው የለም። ሲቆጠር ሁለት ልጅ ጎደለ። መሪው ፊቱ አመድ ሆኖ "ጋሼ አሁን እዚህ ነበሩ እኮ" ይለኛል። አሁን ማለት መቼ ነው? ማንም አያውቅም። ስንት ጉድ ሆነን ስንፈልግ ልጆቹ ለካ የከብት መንገድ ተከትለው ወርደው አንድ ገበሬ ቤት ቡና ተፈልቶላቸው ተቀምጠዋል፣ የቤቱ እማማ ጭራሽ እኛን ተቆጡን፣ "የሰው ልጅ እንዲህ ሜዳ ላይ ይጣላል ወይ?" ብለው። ምን ይመለሳል? የሄዱበት መንገድ ቤት ላይ ባይወጣ ኖሮስ፣ ከተማው ማዶ ደግሞ አዝዋ ገደል አለ፣ እዛ ላይ ቢሆንስ።

ስለዚህ ዘገምተኛዋ ከፊት፣ ኃላፊነት የሚሰማው ጠንካራ ልጅ ከኋላ፣ ከሱ ኋላ ማንም አይቀርም። በየመገንጠያው ቁሙና ቁጠሩ፣ ደግሞ "ሁላችሁም አላችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ የጠፋ ልጅ "የለሁም" አይልም። ፓትሮል የተባለውም ለዚህ ነው እኮ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ፣ የራሳቸው አለቃ ያላቸው፣ እርስ በርስ የሚተያዩ። የስካውት መስራቹ ቤደን ፖል እንደ ፈረንጆቹ በ1907 ብራውንሲ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን ካምፕ ሲሞክር ልጆቹን ተኩላ፣ ቁራ፣ ኮርማ እያለ በቡድን በቡድን ነው የከፈላቸው። እኛ ጋ ሰላምታውና ስካርፉ ደርሷል፣ ይሄኛው መንገድ ላይ ቀርቷል መሰለኝ።

ሌላው ልብስ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ነው፣ ደሴ ወደ 2,500፣ ጦሳ ከዛም በላይ። የኮምቦልቻ ልጆች በቲሸርት ይመጡና ማታ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል፣ በተለይ በህዳርና በታህሳስ ውርጭ። ጋቢ ይዣለሁ የሚለኝ አለ፣ ጋቢ ደረቅ ሲሆን ወደር የለውም፣ ግን ጥጥ ነው፣ ከረጠበ ከብዶ ጭራሽ ያበርድሃል። የበግ ፀጉር ባና እርጥብም ሆኖ ትንሽ ይሞቃል፣ አያቶቻችን ዝም ብለው አይደለም የለበሱት። ላስቲክ ደርቡበት። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ልጅ መንቀጥቀጡ ቆሞ ንግግሩ መኮላተፍና እግሩ መሰናከል ከጀመረ ተሻለው እንዳትሉ፣ ባሰበት ማለት ነው፣ ቶሎ ደረቅ ልብስ ቀይሩለትና ከነፋስ አስጠልሉት፣ የሚውጥ ከሆነ ትኩስና ጣፋጭ ሻይ ስጡት።

አርፍዶ መነሳት፦ ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትገባለች ወዲያው ይጨልማል፣ በቃ።

ቦርከና ወንዝ ዳር ወይ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋው ምቹ ነው ብሎ ድንኳን መትከል፣ ይሄም አለ። ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ደሴ ላይ ከዘነበ ውሃው ወደናንተ ነው የሚመጣው። መብረቅ ሲጀምር ደግሞ ከጫፉ ውረዱ፣ ለብቻው የቆመ ዛፍ ስር አትጠለሉ።

ምግብ ላይ ሁለት ነገር። ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሽምብራና ባቄላ ቶሎ አይበስልም፣ ሳትዘፈዝፉ ይዛችሁ ከወጣችሁ ጨለማ ላይ ጥሬውን ትበላላችሁ። ሁለተኛ፣ ወሎ ነው ያለነው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ድንኳን ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ታዲያ አንዳንዱ መሪ ሥጋ ጭኖ ይመጣና ግማሹ ልጅ ደረቅ ዳቦ በልቶ ያድራል። ሽሮ ያዙ! ረቡዕም አርብም ይበላል፣ ማንም አይከፋውም። የሰላት ሰዓትንም ፕሮግራማችሁ ውስጥ አስገቡ፣ ልጁ እየተሳቀቀ ፈቃድ እንዳይጠይቅ።

ሴት ልጆች ካሉ ሴት መሪ ሳትኖር አዳር የለም፣ አልከራከርም።

ስልክ አለኝ የምትሉ፣ ብርድ ባትሪ ይበላል ኔትወርኩም ይመጣል ይሄዳል። የልጆቹን ስም፣ የወላጅ ስልክና የምትመለሱበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከተማ ለሚቀር ሰው ስጡ፣ ለቀበሌውም ንገሩ። የምታድሩበት መሬት ባለቤት አለው፣ ባህር ዛፉም የሰው ንብረት ነው፣ ሳታስፈቅዱ ቅርንጫፍ እንዳትቆርጡ። ደግሞ ፊሽካ በየደቂቃው የምትነፉ ሰዎች፣ ሶስቴ ተደጋግሞ የተነፋ ፊሽካ የድረሱልኝ ጥሪ ነው፣ ለምሳ መጥሪያ ጉሮሯችሁ ይበቃል።