የድሮ ደሉክስ ሪቨርብ አምፕ ኖርማል ቻናል ላይ ሪቨርብ እንዴት እናስገባለን

የድሮ ፌንደር ደሉክስ ሪቨርብ የሚባለውን የጊታር አምፕ የያዘ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ቫይብራቶ የሚባለው ቻናል ሪቨርብም (የማስተጋባት ድምፅ) ትሬሞሎም (ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ የሚያወዛውዝ) አለው ግን ቮሊዩሙ ላይ 47 ፒኮፋራድ የሆነች ካፓሲተር (ቻርጅ የምትይዝ ትንሽ ዕቃ) ስላለች ድምፁ ሹል ነው፣ ኖርማሉ እሷ ስለሌለችበት ወፈር ለስለስ ይላል ግን ደረቅ ነው፣ ሪቨርብ የሚባል ነገር አይደርሰውም። እኔ እዚህ ድሬ ሰርግ ላይ ትዝታ ስጫወት የምፈልገው የኖርማሉን ድምፅ ከነሪቨርቡ ነው። ይሄ ደግሞ አንድ ሽቦ አንስቶ አንድ አጭር ሽቦ በመጨመር ይገኛል፣ ምንም አይቆረጥም፣ ነገ አልወደድኩትም ካላችሁ ወደነበረበት ይመለሳል።

የምላችሁ በፈረንጆቹ ከ1963 ጀምሮ ስለወጣው ኤቢ763 ስለሚባለው ሰርኪዩት ነው፣ ሌላ ከሆነ መጀመሪያ ዲያግራሙን ፈልጉ።

አምፑን ነቅላችሁ ቲዩቦቹን አውጡና ሻሲውን (ሽቦዎቹ ያሉበትን ብረት) ከሳጥኑ ፈትታችሁ ገልብጡት። የስታንድባይ ስዊቹን ስትጫወቱ በሚሆንበት በኩል ተዉት።

አሁን ዋናው ነገር። አምፑ ተነቅሎም ፊልተር ካፓሲተሮቹ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፣ ይሄ ሰው ይገድላል። ብዙ ጠጋኝ በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ ያወርደዋል፣ እኔ አልወደውም፣ ብልጭታው ካፓሲተሩንም ይጎዳል ሰውንም ያስደነግጣል። የተሻለው ይሄ ነው፦ ሁለት ጫፉ ክሊፕ የሆነ ሽቦ ያዙ፣ አንዱን መጀመሪያ ሻሲው ላይ አስነክሱ፣ ሌላውን ከኢንፑቱ አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ቲዩብ ሶኬት ፒን (እግር) 1 ላይ፣ የፒኑን አቆጣጠር ከታች እነግራችኋለሁ። እዛ ፒን ላይ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ስላለ ቻርጁ በሱ በኩል ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ብልጭታ የለም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ።

ከዛ ቮልቱን በቴስተር ለኩ። ይሄን አትዝለሉ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ክሊፑን አስነክሼ ሻይ ጠጥቼ መጣሁና አለቀ ብዬ እጄን ከተትኩ፣ ለካ ክሊፑ የነከሰው የሻሲውን ዝገት ነው እንጂ ብረቱን አልነካም ነበር፣ ምንም አልወረደም። እስከ ትከሻዬ መታኝና ከወንበር ጣለኝ፣ ቀኝ እጄ እስከ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግራ እጄ ሻሲውን ይዞ ቢሆን በደረቴ ያልፍ ነበር። ስለዚህ አሁን ክሊፑ የሚነክስበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ነው የማስነክሰው፣ ካፓሲተሮቹ ያሉበትን ክዳን ከፍቼ እያንዳንዱን እለካለሁ፣ ከ10 ቮልት በታች ካልሆነ አልነካም፣ ስለካም አንድ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው። ክሊፑም እስክጨርስ እዛው ይቆያል።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ከኢንፑቱ አጠገብ ያለው ሶኬት ቪ1 ነው፣ የኖርማሉ፣ ቀጥሎ ያለው ቪ2፣ የቫይብራቶው። ፒን የምትቆጥሩት ከሚበየድበት በኩል ከክፍተቱ ጀምሮ በሰዓት አቅጣጫ ነው። ቪ1 ፒን 6 ላይ ያለውን ሽቦ አቅልጣችሁ አንሱት። ይሄ የተነሳው ሽቦ አምፑ ሲበራ ከፍተኛ ቮልት ይኖርበታል፣ ዝም ብሎ እንዳይንጠለጠል፣ ጫፉን አጥፋችሁ ሁለት ድርብ ሙቀት የሚያጠብቀው ፕላስቲክ አልብሱት። ከዛ ከቪ1 ፒን 6 ወደ ቪ2 ፒን 6 አዲስ ሽቦ በይዱ፣ የኖርማሉ ድምፅ በዚህ በኩል ወደ ሪቨርቡ ይሄዳል፣ ቪ2 ላይ የነበረው እንዳለ ይቆያል። ሽቦው 600 ቮልት የሚችል ይሁን፣ ከአሮጌ ስልክ ቻርጀር የተቆረጠ አይሆንም። አጭር አድርጉት፣ ሻሲው ላይ ይተኛ፣ የቲዩቦቹን ማሞቂያ አረንጓዴ ሽቦዎች ማለፍ ካለበት በመስቀለኛ ይለፍ፣ አብሮ ከሄደ ሃሚንግ (እምምም የሚል ድምፅ) ያመጣል።

ክሊፑን አውጡ፣ ቲዩቦቹን መልሱ፣ ስፒከሩን ሰኩ። የአሜሪካ አምፕ 120 ቮልት ስለሆነ የኛ 220 ላይ ቮልት በሚቀንስ ትራንስፎርመር (ስቴፕ ዳውን) ነው የሚሰካው፣ በተጨማሪ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በኛ 50 ላይ ይበልጥ ይሞቃል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አታስጠጉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሩ የ60 ዋት የድሮ ክር ያለው አምፖል ከመብራት መስመሩ ጋር በተከታታይ አስገቡ፣ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ በሙሉ ብርሃን ከቆየ ወዲያው ንቀሉና ብየዳችሁን እዩ።

ሁለቱ ቻናሎች አንድ 100 ኪሎ ኦም ስለሚጋሩ ፒን 6 ላይ ቮልቱ ከበፊቱ ይወርዳል፣ ድምፁም ትንሽ ይቀንሳል፣ ብልሽት አይደለም። ድሮ ፌዛቸው (የድምፅ ሞገዳቸው አቅጣጫ) ተቃራኒ ስለነበር ሁለቱን ባንድ ጊታር ስትጫወቱ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጠፋ ነበር፣ አሁን አንድ ላይ ይሄዳሉ። እኔ ኖርማሉን 5 ላይ፣ ቫይብራቶውን 2 ላይ አድርጌ ኢንፑታቸውን በአጭር ኬብል አገናኛለሁ፣ ሪቨርቡ 3 ይበቃዋል።