የፌሬት ጣፊያ ሲወጣ ደም ከፈሰሰ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

አንድ ኪሎ የሚመዝን ፌሬት (ረዘም ያለ ቀጭን፣ ሥጋ በል ትንሽ የቤት እንስሳ) ያለው ደም ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የሻይ ብርጭቆ እንኳን አይሞላም። ትልቅ ውሻ ላይ ቁም ነገር የማንለው 10 ሚሊ ሊትር እዚህ ከጠቅላላው ደም አንድ ሰባተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ጣፊያው ስላበጠ ብቻ ቢላ አታንሱ። ፌሬት ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያብጠው ደም ማምረት ስለጀመረ እንጂ ካንሰር ስለያዘው አይደለም።

ሄማቶክሪቱ (ቀይ የደም ሴሎች በደሙ ውስጥ ያላቸው ድርሻ) ወረደ፣ የሚፈስ ደም ግን አይታይም

ይሄ ብዙ ሐኪም ያስደነግጣል። አይሶፍሉሬን የተባለው የማደንዘዣ ጋዝ ሲሰጥ ቀይ የደም ሴሎች በደቂቃዎች ውስጥ ጣፊያው ውስጥ ይጠራቀማሉ፣ ቁጥሩም ጠብታ ደም ሳይፈስ ያሽቆለቁላል። ጋዙ ሲቆም ይመለሳል። ችግሩ እዚህ ጣፊያው ራሱ ሊወጣ ነው፤ ያጠራቀመውን ይዞ ይሄዳል። ለማነጻጸሪያ የሚሆነውን የደም ናሙና ከማደንዘዣው በፊት ውሰዱ። ደም ወሳጁን ለይታችሁ ማሰር ከቻላችሁ መጀመሪያ እሱን እሰሩና ትንሽ ጠብቁ፣ ጣፊያው ያለውን ደም በደም መላሹ በኩል ወደ ሰውነት ይመልስ፣ ከዚያ ደም መላሹን እሰሩ።

ጎዙ (ደም የሚመጥጠው ስስ ጨርቅ) ቶሎ ቶሎ ይርሳል

ቋጠሮ ሾልኳል ወይም ጣፊያው ተቀዷል። በጣት ወይም በጎዝ ተጫኑ። ሳያዩ በመቆንጠጫ መያዝ አደገኛ ነው፣ የቆሽት ግራ ክንፍ እዚያው አጠገብ ነው። ሲታይ የደም ሥሩን ሁለት ጊዜ እሰሩ፣ ወደ ጣፊያው ጠጋ ብላችሁ። የተቀደደውን ጣፊያ ለመስፋት ጊዜ አታጥፉ፣ የሚወጣ ነው። ጎዙን መዝኑ፦ የደረቁ ክብደት ሲቀነስ 1 ግራም ወደ 1 ሚሊ ሊትር ደም ነው። በዓይን ግምት አትተማመኑ።

ከየቦታው ያዣል፣ አይረጋም

ሰውነቱ ቀዝቅዞ ይሆናል። ትንሽ እንስሳ፣ የተላጨ ሆድ፣ የተከፈተ ቁስል፤ ቶሎ ይበርዳል፣ ሲበርድ ደሙ አይረጋም። ከሥርም ከላይም አሙቁት፣ የሚሰጠውንም ፈሳሽ አሙቁ። ያልተመከነች ሴት ለረጅም ጊዜ ወንድ ስትፈልግ ቆይታ ከሆነ ግን ኤስትሮጅን መቅኔዋን ጎድቶ ፕላትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) ወርዶ ሊሆን ይችላል። ይሄ ሆድ ከተከፈተ በኋላ የሚታወቅ ነገር መሆን የለበትም።

ድዱ ነጣ፣ ልቡ ይሮጣል፣ ግፊቱ ወረደ

ጋዙን ቀንሱ፣ ሞቅ ያለ ፈሳሽ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ስጡና እንደገና ለኩ። ደም ሥር ካልተገኘ በጭን አጥንት በኩል ይሰጣል። ከደሙ አንድ አምስተኛ ከፈሰሰ ፈሳሽ ብቻውን አይበቃም፣ ደም ያስፈልጋል። ፌሬት ላይ የሚያስቸግር የደም ዓይነት ልዩነት ስለማይታወቅ የመጀመሪያው ደም ያለ ማመሳከሪያ ምርመራ (የለጋሹና የተቀባዩ ደም መስማማቱ ሳይታይ) ሊሰጥ ይችላል። ለጋሹ ትልቅ፣ ጤነኛ፣ የተከተበ ወንድ ቢሆን ይመረጣል፤ ከክብደቱ 1 በመቶ ያህል ይለግሳል፣ ማለትም 1.5 ኪሎ ከሆነ 15 ሚሊ ሊትር። ባለቤቱን ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ለጋሹ ቀዶ ጥገናው ሳይጀመር ክሊኒኩ ውስጥ ይሁን።

ነቅቶም ከደከመ ሄማቶክሪቱን ብቻ አትመልከቱ፣ ስኳሩንም ለኩ። ኢንሱሊኖማ (ኢንሱሊን የሚያመነጭ የቆሽት እጢ) ፌሬት ላይ የተለመደ በሽታ ነው፣ የስኳር መውረድም የደም ማነስ ሊመስል ይችላል።