ፖሊሱ አለቃ በዛበት ብለን ስንከራከር የምንሳሳታቸው ነገሮች

እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አዲሱ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ስለሚጀምር በየጸደዩ የከተማና የካውንቲ ስብሰባ ላይ አንድ አቤቱታ አይጠፋም፣ ፖሊሱ አለቃ ብቻ ሆነ መንገድ ላይ ግን ሰው የለም የሚል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን አቀራረባችን ስለሚበላሽ ሰሚ አናገኝም፣ እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ትልቁ ስህተት ማዕረግ በደፈናው መቁጠር ነው። "20 ፓትሮል (መንገድ ላይ የሚዞር ፖሊስ) ላይ 5 ሳጅን ምን ይሰራል?" ይባላል። እስቲ እናስላው፣ ሳምንት 168 ሰዓት ነው፣ አንድ ሰው የሚሰራው 40 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ አንድ ወንበር ቀንና ሌሊት ሰው እንዲኖርበት ከተፈለገ 4.2 ሰው ይፈልጋል፣ የዓመት ፈቃድ፣ ህመም፣ ስልጠናና ፍርድ ቤት ሲጨመር ደግሞ 5 ይሞላል። እና 5 ሳጅን ማለት በማንኛውም ሰዓት ስራ ላይ ያለው በአማካይ አንድ ሳጅን ነው ማለት ነው። ብዙ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ "በቃ ሳጅኖቹን ቀንሱ" የሚለው ይመጣል፣ ይሄ አደገኛ ነው። አገር ቤት ከረዳት ሳጅን እስከ ዋና ሳጅን ደረጃው ብዙ ነው፣ ሳጅን የሆነ ሁሉ ሰው ይመራል ማለት አይደለም፣ እዚህ ግን ሳጅን ማለት ባብዛኛው የመጀመሪያው አለቃ ነው፣ ቦታው ድረስ የሚመጣ፣ ፖሊሱ ሰው ላይ ኃይል ሲጠቀም ሪፖርቱን የሚያነብ። የካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ በ2003 ፖሊሶቿ በድብደባና በሐሰት ማስረጃ ተከሰው በስምምነት ስትጨርስ አንዱ ግዴታ ለ8 ፖሊስ አንድ ሳጅን የሚል ነበር፣ ቺካጎም በ2019 ፍርድ ቤት በሚከታተለው ስምምነት ለ10 አንድ ተባለች። ቁጥጥር ሲሳሳ የሚጎዳው ሌላ ሰው ሳይሆን ማታ ታክሲ ነድቶ የሚገባው ልጃችን ነው።

ታዲያ የአለቃ ብዛቱ የት ነው የሚታየው? በቺፉ (በፖሊሱ ዋና አዛዥ) እና በሳጅኑ መሃል። ሌተናንት፣ ካፒቴን፣ ምክትል ቺፍ። እያንዳንዱ በቀጥታ ስንት ሰው ይመራል ብላችሁ ጠይቁ። በአደጋ ጊዜ የሚሰራበት የአሜሪካ አሰራር ለአንድ አለቃ 5 ሰው ያህል ይላል። አንድ ሳጅን ብቻ የሚመራ ሌተናንት ካገኛችሁ ወሬው እዛ ነው።

ሌላው፣ ሰዎቹን በስልጣን ወዳድነት መክሰስ። ብዙ ቦታ ፖሊስ የደመወዝ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ጭማሪ የሚያገኘው ማዕረግ ሲወጣ ብቻ ነው፣ እና ከተማው ጥሩ ሰው እንዳይለቅበት አለቃ ያደርገዋል። እዚህ ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ማስተር ፖሊስ ኦፊሰር የሚባል ደረጃ አለው፣ ልምድ ያለው ሰው ከፓትሮል ሳይወጣ ከፍ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ይዛችሁ ግቡ።

ይባረሩ ማለትም አያዋጣም። ጡረታ የሚወጣ ካፒቴን ሲኖር ቦታው ወደ ፓትሮል ይቀየር በሉ፣ "ይሰረዝ" ብቻ ካላችሁ ግን ገንዘቡ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ መንገድ ላይም አንድ ሰው አይጨመርም።

ባዶ እጅ መሄድ ደግሞ ይቅርባችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ነዋሪ የመንግስት ሰነድ ሲጠይቅ መስሪያ ቤቱ በ5 የስራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ቀኑን ማራዘም ቢችልም። የመዋቅሩን ሰንጠረዥና ያለፈውን ወር የሺፍት ድልድል ጠይቁ፣ ስም አያስፈልግም፣ ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስንት መኪና ስንት ሳጅን ወጥቶ ነበር የሚለው ይበቃል።