ሹሩባ ስትሠሩ ጫፉን አትርሱት

«ፀጉሬ አያድግም» ስል ኖሬያለሁ። ለካ ያድግ ነበር። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። የእኔ ከሥር ያደገውን ያህል ከጫፍ ይሰበር ነበር። 25 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ፀጉር ጫፉ የሁለት ዓመት ዕድሜ አለው። የድሬ ፀሐይና አቧራ፣ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ የሚጋግረው ውኃችንም ይጨመርበት።

ታጠቡ፤ ኮንዲሽነሩ ጫፉ ላይ በርከት ይበል። እርጥብ እንዳለ በጣታችሁ፣ ከዚያ ጥርሱ ሰፊ በሆነ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር አፍታቱት። የተሰነጠቀውን በስለታም የፀጉር መቀስ ቁረጡ። ያሳዝናል፤ ግን ስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣል።

ለጋ ቅቤ እወዳለሁ። በእኛ ሙቀት ግን ቀልጦ አንገት ላይ ይወርዳል። ለጫፍ የጉሎ ዘይት ይሻላል፤ ጥቂት ጠብታ፣ ፀጉሩ ሳይደርቅ። ዘይት ያለውን እርጥበት ያቆያል እንጂ አዲስ አይሰጥም።

ከዚያ ሹሩባው ይሠራ፤ ሥሩ አይጥበቅ።

አሁን ወደ ጫፉ። አንድ ጊዜ ከከፊራ ገበያ አንድ ፓኬት ትንንሽ የጎማ ላስቲክ ገዝቼ ሁሉንም ጫፍ በሱ አሳሰርኩ። ሲያምር! ጎማ ግን ዘይት ሲነካው ይልመጠመጥና ይጣበቃል። በሦስተኛው ሳምንት ስፈታው ላስቲኩ ፀጉሬን ይዞ መጣ። አንዳንዱ ሹሩባ ሁለት ጣት አጠረ።

ስለዚህ እስከ መጨረሻው አትጎንጉኑ። 3 ሴንቲ ሜትር ሲቀር ቁሙ። ከሦስቱ ዘለላ ቀጭኑን ከአንዱ ጋር ቀላቅሉና ሁለት አድርጓቸው፤ እርስ በርስ ጠምዝዟቸው። ዘይት በነካ ጣት ጠቅልላችሁ ልቀቁት። ከርዳዳ ፀጉር እንደተጠቀለለ ይቆያል። ለስላሳ ከሆነና ከተፈታ፣ ጫፉን ወደ ላይ አጥፉና እጥፉን ከሹሩባው ጋር በጥጥ ክር ለቀቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ክሩ ቀይ ይሁን። ጥቁር ክር ከፀጉር ስለማይለይ ስትፈቱ ፀጉርም አብሮ ይቆረጣል፤ ይህንንም በራሴ ነው ያየሁት።

ዊግ ከጨመራችሁና ጫፉ በላይተር የሚለበለብ ከሆነ፣ የራሳችሁ ፀጉር የት እንደሚያልቅ ለሠሪዋ አስቀድማችሁ አሳዩአት።

ቀጥሎ ጫፉን ደብቁት። ባለትዳር የሐረሪ ሴቶች በባህላቸው ፀጉራቸውን ከጆሮ ኋላ ሁለት ቦታ ጠቅልለው ጉፍታ በሚባል የፀጉር መሸፈኛ ይሸፍኑታል፤ ጫፍ የሚባል ነገር አይታይም። እኔም ሹሩባውን ማጅራቴ ላይ ሰብስቤ ጫፉን ወደ ውስጥ እከተዋለሁ። ሌሊት የሳቲን ሻሽ። በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ጫፉን ውኃ ርጭት፣ ዘይት ንክት።

ከአራት ሳምንት አታሳልፉት። ስትፈቱ ብዙ ፀጉር ከረገፈ አትደንግጡ። በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ መርገፍ ያለ ነው፤ ሹሩባው ይዞት የቆየው አንድ ላይ ይወጣል። አንዱን አንስታችሁ እዩት። ዳሩ ላይ ነጭ ነጥብ ካለው ከሥሩ የረገፈ ነው። አጭር ሆኖ ነጥብ ከሌለው ተሰብሯል፤ ምናልባት ክሩን አጥብቃችሁ አስራችሁ ይሆናል።