ሁለተኛዋን ወረቀት አትርሷት፦ ሐዋሳ ላይ ለክልል ምክር ቤት እንዴት ይመረጣል?

ምርጫ ሲቃረብ ሐዋሳ ላይ የሚወራው ስለ አዲስ አበባው ፓርላማ ነው። ቡና ላይም እሱ፣ ባጃጅ ውስጥም እሱ። ምርጫ ጣቢያ ስትገቡ ግን የሚሰጣችሁ ወረቀት ሁለት ነው። አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት። ሁለተኛዋን ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ነገር ያያታል፤ ሳያነባት ምልክት አድርጎ የሚወጣም አለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የክልሉን በጀት የሚያፀድቀው ያ ምክር ቤት ነው። ርዕሰ መስተዳድሩን የሚመርጠውም እሱ ነው። እኛ ርዕሰ መስተዳድርን በቀጥታ አንመርጥም፤ የምንመርጠው የሚመርጡትን ሰዎች ነው። ስለ ውሃው፣ ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጥያቄ ካላችሁ ሁለተኛዋ ወረቀት ለናንተ በጣም ቅርብ ናት።

መጀመሪያ አንድ ግራ የሚያጋባ ቃል እናጥራ። «ምርጫ ክልል» ሲባል ብዙ ሰው ሲዳማ ክልል ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ምርጫ ክልል ማለት ለምርጫ ሲባል የተከለለ አካባቢ ነው። በአገር ደረጃ 547 ምርጫ ክልሎች አሉ፣ ሲዳማ ውስጥ ያሉት 19 ናቸው። «ምርጫ ጣቢያ» ደግሞ ሄዳችሁ ድምፅ የምትሰጡበት ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ወይም ቀበሌ ግቢ፣ አንዳንዴም ድንኳን። አንድ ምርጫ ክልል ውስጥ ብዙ ጣቢያ አለ። ስለዚህ «የት ነው የምትመርጠው?» ስትባሉ «ሐዋሳ» ማለት መልስ አይሆንም። የምርጫ ክልላችሁን ስምና የጣቢያችሁን ቁጥር እወቁ።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። በ2013 ታቦር ክፍለ ከተማ እያለሁ ተመዘገብኩ፣ ከዚያ ቤት ቀየርኩና ሐይቅ ዳር ገባሁ። ሰኔ 14 በጠዋቱ ካርዴን ይዤ ለአዲሱ ቤቴ የሚቀርበው ጣቢያ ሄጄ ተሰለፍኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዬ ሲደርስ መዝገቡን አገላበጡት፣ ስሜ የለም። እዚያ ሊገኝም አይችልም፤ ሰው የሚመርጠው በተመዘገበበት ጣቢያ ብቻ ነው። በባጃጅ ወደ ታቦር ተመልሼ እንደ አዲስ ተሰለፍኩ። ካርዱ ላይ የጣቢያው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ነበር፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ለምዝገባ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። መታወቂያችሁን ያዙ። የምዝገባ ቀኑን የሚያወጣው ምርጫ ቦርድ ነው፣ በራዲዮም በገጹም ይነገራል። እባካችሁ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ። እኛ ሰፈር ሁሌም የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ላይ ነው ሰው የሚግተለተለው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ ልዩ ጣቢያ ተዘጋጅቶላችሁ እንደሆነ ግቢያችሁን ጠይቁ። ካርዱን ስትቀበሉ ስማችሁ በትክክል መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ከመታወቂያችሁ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ዕጩዎቹ። ለፓርላማው ከአንድ ምርጫ ክልል አንድ ሰው ነው የሚያልፈው፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። የክልል ምክር ቤት መቀመጫ ግን ከዚያ በጣም ስለሚበዛ አንድ ምርጫ ክልል ወደዚያ የሚልከው ከአንድ ሰው በላይ ነው። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ሲሰጣችሁ «ለክልሉ ስንት ሰው ነው የምመርጠው?» ብላችሁ አስፈጻሚዋን ጠይቁ። ማፈር የለም። ከተፈቀደው በላይ ምልክት ካደረጋችሁ ድምፃችሁ አይቆጠርም።

ዕጩዎቹን ቀድማችሁ እወቁ። የዕጩዎች ዝርዝር ይለጠፋል፤ ቆማችሁ አንብቡት። ስሙን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም ያዙ፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ ዓይን ቶሎ የሚያየው ምልክቱን ነው። ሐዋሳ ላይ ይህን ማስረዳት አይከብድም። ኅዳር 10 ቀን 2012 በተደረገው የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሻፌታ (የሲዳማ ባህላዊ የምግብ ማቅረቢያ ዕቃ) እና ጎጆ ነበሩ ምልክቶቹ፤ ማንበብ የማይችሉ አዛውንቶች ሳይቀሩ ሻፌታው ምን ማለት እንደሆነ፣ ጎጆው ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ያኔ ከ98 በመቶ በላይ የሆነው ድምፅ ለሻፌታው ሄደ፣ ሲዳማም ክልል ሆነ። ለምክር ቤት ምርጫ ግን ምልክቶቹ ብዙ ናቸው፣ የግል ዕጩም የራሱ ምልክት አለው። በወረቀት ቁርጥራጭ ላይ ቤት ውስጥ ሥላችሁ ለእናታችሁ፣ ለአያታችሁ አሳዩአቸው። ማንን እንደሚመርጡ አትንገሯቸው፤ የትኛው የማን እንደሆነ ብቻ።

ዕጩ ሰፈር መጥቶ ሲሰበስባችሁ «ልማት አመጣለሁ» ካለ እዚያ ላይ አታቁሙት። ምክር ቤት ገብቶ የቱን የበጀት ጉዳይ እንደሚያነሳ፣ ከተመረጠ በኋላ የት እንደሚገኝ፣ በዓመት ስንቴ ተመልሶ እንደሚያነጋግራችሁ ጠይቁት። መልሱን ጻፉት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይላል፣ ስለዚህ የጻፋችሁት ማስታወሻ ከንቱ አይደለም።

የምርጫው ቀን በጠዋት ሂዱ። ጃንጥላና ውሃ ያዙ። የፓርቲ ቲሸርት አትልበሱ። ስማችሁ መዝገቡ ላይ ይፈለጋል፣ ትፈርማላችሁ፣ ጣታችሁ ላይ ቶሎ የማይለቅ ቀለም ይደረጋል። ሁለቱን ወረቀት ይዛችሁ ወደ መከለያው ትገባላችሁ። እዚያ ማንም አብሯችሁ አይገባም፤ ማየት ለተሳነው ወይም እርዳታ ለሚያስፈልገው ሰው ግን ራሱ የመረጠው ረዳት ይፈቀድለታል። ረዳቱን የሚመርጠው ሰውየው ራሱ ነው፣ ሌላ ሰው አይመድብበትም። ምልክቱ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ። ወረቀቱ ላይ ስማችሁን ወይም ሌላ ነገር አትጻፉ። ከተሳሳታችሁ ሰርዛችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ፣ ድምፅ መስጫው ሳጥን ውስጥ ሳትከቱት መልሱና «ተበላሽቶብኛል» በሉ፣ ሌላ ይሰጣችኋል። ይህን የማያውቅ ስንት ሰው ድምፁን አቃጥሏል! ደግሞ የመረጣችሁበትን ወረቀት ፎቶ አታንሱ፣ ድምፅ ምስጢር ነው።

በ2013 የድምፅ መስጫ ወረቀት አልቆ ሲዳማ ውስጥ ምርጫው ለማግስቱ ያደረባቸው ቦታዎች ነበሩ። እንዲህ ካጋጠማችሁ ተናዳችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። መቼ እንደሚቀጥል የጣቢያውን ኃላፊ ጠይቁ፣ ሰልፉ ላይ ላሉትም ንገሩ። ስሜ የለም፣ ተከልክያለሁ፣ ሌላ ሰው በስሜ መርጧል የሚል አቤቱታ ካላችሁ ደግሞ እዚያው ጣቢያ ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴው በጽሑፍ አቅርቡ። ሰዓቱን፣ የጣቢያውን ቁጥርና ያያችሁትን ነገር ጻፉ፣ ቅጂውን ያዙ።

ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው ጣቢያ ውስጥ ነው፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት። ሲያልቅ ውጤቱ ቅጽ ላይ ተሞልቶ ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። በማግስቱ ጠዋት ሄዳችሁ እዩት። የፓርላማውና የክልሉ ለየብቻ ነው የሚሞላው፤ በሁለቱም ላይ ዋጋ የሌለው ድምፅ ስንት እንደሆነ አስተያዩት፣ የትኛው ላይ እንደበዛ ታገኛላችሁ። እኔ ታቦር የነበረውን የለጠፉት በር ላይ ነበር፣ በእስክሪብቶ የተሞላ፣ ጥጉ በሌሊቱ ዝናብ ረጥቦ ቁጥሮቹ መፍሰስ ጀምረዋል። በስልኬ አነሳሁት። ከሰዓት ስመለስ ወረቀቱ ከበሩ ላይ ወድቆ ነበር።