ሽምብራ በኪስ፣ ሸበጥ በእጅ፦ ጎንደር ላይ ቤዝቦል ለሚጀምር ረዳት አሰልጣኝ

ልጆቹ «ኮች» ይሉኛል። ኮች አይደለሁም፤ ረዳት ነኝ። ዋናው አሰልጣኝ የትምህርት ቤቱ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። በወጣትነታቸው መረብ ኳስ ተጫውተዋል። ቤዝቦልን ግን እኔ ይዤው እስክመጣ ድረስ በፊልም ካልሆነ አላዩትም። እኔ የአዘዞ ልጅ ነኝ። በ14 ዓመቴ ከእናቴ ጋር ዴንቨር ገባሁ። እዚያ ለአንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ በወርዋሪነት፣ ማለትም ለመቺው ኳስ በመወርወር፣ ተጫወትኩ፤ ክርኔ እምቢ ሲል እዚያው ረዳት አሰልጣኝ ሆንኩ። አምና ለፋሲካ ዘመድ ልጠይቅ መጥቼ ይኸው እስካሁን አለሁ።

ሰሞኑን «እኛም ሰፈር እንጀምር፣ ምን ምን ያስፈልጋል?» የሚሉኝ በዝተዋል። መልሴ ይኸው። ኳስ ስለሚመታበት ዱላ ለማንበብ የመጣችሁ ካላችሁ ወደ ታች በአጭሩ አለላችሁ። ዋናው ሥራ ግን ዱላው ላይ አይደለም።

ከልጆቹ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ሜዳው ላይ ድረሱና ድንጋይ ልቀሙ። ይህ የረዳት ሥራ ነው፤ ለማንም አትተዉት። መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ ጠጠር ሲነካ ነጥሮ አፍንጫ ላይ ይወጣል። አንዴ አፍንጫውን የተመታ ልጅ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ፊቱን እያዞረ ነው የሚቀልበው። እኛ ከመስከረም ጀምሮ በየልምምዱ አንድ ባልዲ እንለቅማለን። ሜዳው ድንጋይ የሚወልድ ይመስለኛል።

ለቤዝ፣ ማለትም ሯጩ እየረገጠ ለሚያልፍባቸው ማረፊያዎች፣ ጆንያ ቆርጣችሁ አፈር ሙሉበት። በአዋቂዎች ሜዳ ከቤዝ እስከ ቤዝ 27.43 ሜትር ነው። ለልጅ ይህ ብዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትንንሾቹ የሚጫወቱበት ሊትል ሊግ 18.29 ሜትር ይጠቀማል፤ በእኔ እርምጃ 23 ነው። ወርዋሪው ከመቺው 14 ሜትር ገደማ ይራቅ።

ሕጉን አስቀምጣችሁ አታስተምሩ። እኔ ሞክሬዋለሁ። ስለ ስትራይክ (መቺው ስለሳተው ኳስ) እና ስለ አውት (ከጨዋታ ስለመውጣት) ሃያ ደቂቃ ካወራሁ በኋላ አንዱ እጁን አወጣና «ኮች፣ ጎሉ የት ነው?» አለኝ። በቃ፣ በአባሮሽ ጀምሩ። ጆንያ የረገጠ አይነካም፤ ከጆንያ ወጥቶ ኳስ በያዘ እጅ የተነካ ይወጣል። ይህ ብቻ ሁለት ሳምንት ያጫውታል። ሦስት ስትራይክ፣ አራት ቦል (ወርዋሪው ያበላሸው ውርወራ)፣ ሦስት አውት የሚባለውን መጨቃጨቅ ሲጀምሩ ራሳቸው መጥተው ይጠይቋችኋል።

እውነተኛው ኳስ ከ142 እስከ 149 ግራም ይመዝናል። 108 ድርብ ስፌት ያለው ድርቅ ያለ ቆዳ ነው። ያለ ጓንትና ያለ ሄልሜት ለልጅ አይሰጥም። ስድስት አሉኝ፤ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፈዋል። የምንጫወተው በካልሲ ኳስ ነው። ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ፣ ካልሲውን ደጋግማችሁ ገልብጣችሁ፣ በክር አጥብቃችሁ ስፉት። መጠኑ የልጅ መዳፍ ውስጥ የሚያዝ ይሁን። ከዚያ ሰፈር ያለ ባለሱቅ ጋ ወስዳችሁ አስመዝኑት፤ 150 ግራም እንዳያልፍ። የእኛ ባለሱቅ መጀመሪያ ቀን «ካልሲ በኪሎ ልትሸጥ ነው?» ብሎኛል።

ጓንት የለም። እዚህ ላይ ነው ሸበጥ የሚመጣው። ግራ እጃቸውን ሸበጥ ውስጥ ያስገቡ፤ ማሰሪያው በእጃቸው ጀርባ በኩል ይሁን፣ ሶሉ ወደ ኳሱ ይዙር። በሶል ኳስ አይጨበጥም፤ ይቆማል እንጂ። ስለዚህ ልጁ ሳይወድ በግዱ ቀኝ እጁን አምጥቶ ኳሱን ከላይ መክደን አለበት። ቤዝቦል ውስጥ «በሁለት እጅ» እያልን ጉሮሯችን እስኪደርቅ የምንጮኸው ይህንኑ ነው። አሜሪካም ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች ጠፍጣፋ ጓንት አድርገው ይለማመዳሉ። እነሱ በዶላር ይገዙታል።

መቅለብን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀን ወንዶቹን ብቻ ጠርቼ ነበር። ሁሉም ኳሱን በጥፊ ነበር የሚመቱት። ዳር ቆመው የሚያዩ ሁለት ሴት ልጆች ነበሩ፤ ኳሷ ወደነሱ ስትበር አንደኛዋ እንደ ቀልድ ቀለበቻት። እጇ ከኳሷ ጋር አብሮ ወደ ኋላ ሄደ። ይህን ነገር እኔ ኮሌጅ ውስጥ ለሃያ ዓመት ጎረምሳ ወር ሙሉ አስተምሬ ያልገባው አለ። «የት ተማርሽ?» ብላት ግራ ገባት። ኋላ ነው የገባኝ፤ ቅልብልቦሽ ነው። ጠጠር ወደ ላይ ወርውራ፣ መሬት ያለውን አፍሳ፣ የወረወረችውን ሳይወድቅ የምትቀልብ ልጅ ምን ትማራለች? አሁን ልምምዳችን የሚጀምረው በአስር ደቂቃ ቅልብልቦሽ ነው። አስተማሪዎቹ ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹ አኩርፈው ነበር፤ አለፈላቸው።

ውርወራ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የእኛ ልጅ ድንጋይ ሲወረውር ነው ያደገው። ገጠር የከረሙት ወንጭፍ ሁሉ ይችላሉ። ክንድ አላቸው፤ እግር ግን የለም። ፊት ለፊት ይቆሙና በክንዳቸው ብቻ ከጎን ይወነጭፉታል። ይሄዳል፣ ግን የት እንደሚሄድ እግዜር ይወቀው። ትከሻም ይጎዳል። መፍትሔው ክንዱን አለመንካት ነው። በአመድ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ልጁ መስመሩ ላይ በጎኑ ይቁም፤ ግራ ትከሻው ወደሚወረውርለት ሰው ይይ። ግራ እግሩን አንስቶ መስመሩ ላይ ይርገጥ፣ ከዚያ ይወርውር። ግራኝ ከሆነ ገልብጡት። መስመሩን ስቶ ከረገጠ ኳሱም ይስታል፤ ራሱ ያየዋል፣ እናንተ መናገር አያስፈልጋችሁም። ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወት ልጅ መስመር ላይ መርገጥ አይከብደውም።

አሁን ዋናው ነገር። ቁጠሩ።

ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ አንድ ቅዳሜ 130 ጊዜ አካባቢ ወረወርኩ። ስድስተኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ላይ ክርኔ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሞቀኝ ተሰማኝ። አልተናገርኩም። የጠየቀኝም የለም፤ እያሸነፍን ነበር። ጅማቱ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ቶሚ ጆን የተባለ ወርዋሪ መጀመሪያ የተደረገለትና በስሙ የሚጠራው ቀዶ ሕክምና ለዚህ ነው። እኔ አላደረግኩትም፤ መወርወሩን ተውኩ። ዛሬም ብርድ ሲሆን የእንጀራ ሞሶብ በቀኝ እጄ አላነሳም።

ሊትል ሊግ ከ9 እስከ 10 ዓመት ላለ ወርዋሪ በቀን 75፣ ከ11 እስከ 12 ላለው 85 ጊዜ ይፈቅዳል። ከ65 ያለፈ አራት ቀን ያርፋል። እኔ ግማሹን ነው የምፈቅደው። ልጆቻችን ውሃ ቀድተው፣ ከብት አግደው ነው የሚመጡት፤ ያ ክንድ ቀድሞ ሠርቷል። አቆጣጠሬ እንዲህ ነው፦ ቀኝ ኪሴ ውስጥ 40 ፍሬ ሽምብራ እይዛለሁ። ልጁ በወረወረ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ግራ ኪስ ይሻገራል። ቀኙ ባዶ ሲሆን አለቀ። ልመና የለም። እናቱ ብትመጣም የለም።

አየር ላይ የሚታጠፍ ኳስ አስተምረን የሚሉ ታላላቆች ይመጣሉ። ዩቲዩብ አይተው ነው። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ እንኳ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ በቅጡ አይታጠፍም፣ ሲመታ ግን ርቆ ይበራል። ስታዲየማቸው ኩርስ ፊልድ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኳሶቹ ደርቀው ብዙ እንዳይርቁ እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ያስቀምጣቸዋል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ እዚህ ቀጥ አድርጎ የሚወረውር ይበልጣል በሏቸው።

ዱላ። የመጥረቢያ እጀታ የሚጠርብ ሰው ፈልጉ፤ ወይራ ይከብዳቸዋል፣ ባሕር ዛፍ ይበቃል። ልጆቹ የገና ጨዋታ የለመዱ ናቸውና ኳሱን ከመሬት ነው የሚያነሱት። «ሩሯ ደረትህ ላይ ናት» በሉት፣ ይገባዋል። መቺው ዙሪያ ሰፊ ክብ በአመድ አስምሩ፤ ከካቸሩ (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሱን ከሚቀልበው) በቀር ማንም አይገባበትም፣ ካቸሩም ዱላው ከማይደርስበት ይቁም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ እኔ ግን እዚህ ክብ ላይ እቆጣለሁ።

የቀረው ከዋናው አሰልጣኝ ጋር መኖር ነው። ይህን አበላሽቼ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጋሼ ውርወራ ሲያሳዩ ልጆቹ ፊት «እንደዚያ አይደለም» አልኳቸው። ፊሽካዋን እጄ ላይ አስቀምጠው ዛፍ ሥር ሄደው ተቀመጡ። ማታ ቡና ልጋብዝዎት ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። «አንተ ልጅ፣ ጨዋታውን ታውቃለህ፤ እኔ ደግሞ ልጆቹን አውቃለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የነገውን ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ፤ ለልጆቹ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። እኔ አንድ ልጅ ጎን ሄጄ፣ በቀስታ፣ በቀን አንድ ነገር ብቻ አርማለሁ።

ከሳቸውም ወስጃለሁ። ሁለት ልጆች ከፍ ያለ ኳስ እያዩ ተጋጭተው ጥርስ ሊረግፍ ሲል ከመረብ ኳስ ያመጡትን አስተማሩ፦ የሚቀልበው «የኔ!» ብሎ ይጮሃል፣ ሌላው ይቆማል። እኔ ለዚህ የእንግሊዝኛ ቃል ስፈልግ ነበር።

ሽምብራው ጥሬ ይሁን። እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ ቆሎ ይዤ ሄድኩ። በአራተኛው ልጅ ላይ ቀኝ ኪሴን ብዳብስ ባዶ ነው፣ ግራውም ባዶ ነው። ጋሼ ከጎኔ ቆመው እያኘኩ ነበር።