የዲናው መንግስቱን ልቦለዶች ስታነቡ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ብዙ ሰው የዲናው መንግስቱን ስም ያውቃል፣ ስለሱ ሲወራ ደስ ይለዋል፣ መጽሐፉን ግን ሀምሳኛው ገጽ አካባቢ ትቶታል። ለምን ተውከው ስትሉት የሚሰጣችሁ መልስ ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ ወይ "ስለ ኢትዮጵያ መስሎኝ ነበር" ወይ "ምንም ነገር አይፈጠርም" ወይ "ማን ማን እንደሆነ ጠፋብኝ"። እኔ ደግሞ እነዚህን መጽሐፎች በጣም እወዳቸዋለሁ፣ የኛ ሰው በትንሽ አለመግባባት እንዲያልፉት አልፈልግም፣ ለዛ ነው ይሄን የምጽፈው።

ለማያውቁት ባጭሩ፣ ዲናው እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወለደ፣ በ1980 ከእናቱና ከእህቱ ጋር አባቱ ቀድሞ ወደሄደበት አሜሪካ ገባ፣ ያደገው ኢሊኖይ ነው፣ መጀመሪያ ፒዮሪያ ከዛ ቺካጎ አካባቢ። በእንግሊዝኛ የጻፋቸው አራት ልቦለድ አለው፣ ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ (2007)፣ ሃው ቱ ሪድ ዚ ኤር (2010)፣ ኦል አወር ኔምስ (2014)፣ ሰምዋን ላይክ አስ (2024)። በ2012 የማክአርተር ፌሎውሺፕ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት ተሰጥቶታል። አራቱም መጽሐፍ ለኔ የሚዞሩት አንድ ነገር ዙሪያ ነው፣ ወላጅ ያልተናገረውን ታሪክ ልጅ ምን ያድርገው የሚለው።

"የራሱ ታሪክ ነው" ብሎ መጀመር

ይሄ በጣም የተለመደው ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ዋና ሰው ሴፋ ስጢፋኖስ፣ ከቀይ ሽብር ሸሽቶ ዲሲ የገባ፣ ሎጋን ሰርክል የሚባል ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ዲናው ሲወጣ የሁለት አመት ህጻን ነበር፣ ሴፋ ግን ሁሉን ነገር በአይኑ አይቶ ነው የወጣው፣ ወታደሮች ቤቱን ሲፈትሹ የተገኙት ወረቀቶች የሱ ነበሩ፣ የተወሰደው ግን አባቱ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ዲናው የማያስታውሰውን ነገር ነው የሚጽፈው፣ መርሳት የማይችል ሰው ውስጥ ገብቶ። እንደ ህይወት ታሪክ ካነበባችሁት ይሄ ድፍረቱ ያመልጣችኋል፣ ከዛ ደግሞ "ይሄ እንዲህ አልነበረም፣ ያኛው ቀን ልክ አይደለም" እያላችሁ ፈታኝ ትሆናላችሁ።

ኢትዮጵያን በገጹ ላይ መፈለግ

"ኢትዮጵያ የታለች?" የሚል አንባቢ ብዙ ነው፣ ቡናው፣ ክብረ በዓሉ፣ ሀገር ቤት ያለው ዘመድ። ኢትዮጵያ አለች፣ ግን ሰዎቹ ዝም ባሉበት ቦታ ነው ያለችው። የሴፋን አጎት ብርሃኔን ተመልከቱት፣ ሀገር ቤት ትልቅ ሰው የነበረ፣ አሁን ከዲሲ ወጣ ብሎ ከላይ እስከ ታች በሀበሻ የተሞላ ፎቅ ውስጥ የሚኖር። ለአሜሪካ ፕሬዝዳንቶች ደብዳቤ ይጽፋል፣ በጨዋ ቋንቋ፣ እየለመነ ሳይሆን ሀገሩ ምን እየደረሰባት እንደሆነ እያስረዳ። ሴፋ እነዛን ደብዳቤዎች አውጥቶ ሲያነብ ያለው ክፍል፣ በኔ እይታ ስለዛ ዘመን ስደተኛ ከተጻፈው ሁሉ በጣም የሚያመው ነው። አንድም ጥይት አይተኮስም። አንድ የተከበረ ሰው መልስ የማይሰጠው ሰው ጋር እያወራ ነው፣ በቃ።

ጨዋታውም እንደዛው። ሴፋ፣ ኮንጎዋዊው ጆሴፍና ኬንያዊው ኬኔዝ ማታ ማታ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው እየጠጡ አንዱ የአንድ አምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ ሀገሩንና መፈንቅለ መንግስቱ የተደረገበትን አመት ይናገራሉ፣ ግድግዳው ላይ ያረጀ የአፍሪካ ካርታ አለ። አንዳንዱ ይሄን እንደ ቀልድ አንብቦ ያልፈዋል፣ ሰዎቹም ይስቃሉ እውነት ነው። ግን ቆም ብላችሁ አስቡት፣ ሶስት ሰዎች አህጉራቸውን የሚያስታውሱት ባፈረሷት ሰዎች ስም ነው፣ ስለ ራሳቸው ቤት፣ ስለ አባታቸው፣ ስለ እናታቸው ግን እርስ በርስ በቀጥታ አይጠያየቁም። የሚጫወቱት እሱን ላለመጠየቅ ነው። ጨዋታው በመጣ ቁጥር ቀስ በሉ፣ ማን ምን እንደማይናገር ነው ማየት ያለባችሁ።

እዛው መጽሐፍ ላይ ጁዲትንና ናኦሚን እንደ ፍቅር ታሪክ ብቻ ማንበብም አለ። ጁዲት ነጭ ናት፣ ሰፈሩ መለወጥ ሲጀምር የተጎዳ ትልቅ ቤት ገዝታ አድሳ የገባች፣ ናኦሚ ደግሞ አባቷ ጥቁር የሆነ ልጇ ናት፣ ሴፋ ሱቁ ውስጥ አንድ ወፍራም የሩሲያ ልቦለድ እያነበበላት ይቀራረባሉ። ቤት ኪራይ እየናረ የድሮ ነዋሪዎች ሲባረሩ ሴፋ የየትኛው ወገን ነው? ከተባራሪዎቹ ነው ወይስ ከአዲሶቹ? ሰውየው ራሱ አያውቀውም፣ የመጽሐፉ ግማሽ ጭንቀት እሱ ነው።

ዮናስን ማመን

ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋር ነው። ተራኪው ዮናስ ወልደማርያም ይባላል፣ አሜሪካ የተወለደ ልጅ ነው፣ ወላጆቹ ዮሴፍና ማርያም ከፒዮሪያ ወደ ናሽቪል በመኪና ያደረጉትን ጉዞ ይተርክልናል፣ እሱ ገና እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ የሆነ ጉዞ። እናቱ መኪናው ውስጥ ምን እንዳሰበች፣ አባቱ እሷን ከመምታቱ በፊት ፊቱ ምን እንደሚመስል፣ ሁሉን ይነግረናል። ታዲያ ማን ነገረው? ማንም። አባትየው አይናገርም፣ እናትየውም እንደዛው። ልጁ ከባዶ ነው የሚሰራው።

ይሄ የደራሲው ስህተት እንዳይመስላችሁ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ የዮናስን ስራ ስታዩ ይገባችኋል። ኒው ዮርክ ውስጥ ስደተኞችን የሚረዳ ቢሮ ተቀጥሮ የአሳይለም (ጥገኝነት) ጠያቂዎችን ታሪክ ያስተካክል ነበር፣ የሰውየው ታሪክ አጭርና ደረቅ ከሆነ ይጨምርበታል፣ መንገዱን ያስረዝመዋል፣ ፍርሃቱን ያሳምረዋል፣ ሰሚው ጆሮ የሚፈልገውን ያውቃላ። ኬዝ ያጻፈ ወይም ለሌላ ሰው ኬዝ ሲጻፍ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያስተረጎመ ሀበሻ ይሄን ክፍል ከማንም ፈረንጅ አንባቢ በላይ ነው የሚረዳው። እውነተኛ ስቃይ ያለበት ሰው ስቃዩን ደግሞ በሚታመን መልክ ማቅረብ አለበት፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ከዛ በኋላ የራሱን ታሪክ የትኛው የሆነው የትኛው የተጨመረው እንደሆነ መለየት ያቅተዋል።

አባቱ ሲሞት ዮናስ አስተማሪ ነው፣ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ትምህርቱን ትቶ የአባቱን ታሪክ ለተማሪዎቹ መናገር ይጀምራል፣ እንዴት ሱዳን እንደገባ፣ ወደብ ላይ አብራሂም የሚባል ሰው እንዴት እንደረዳው፣ በሳጥን ውስጥ ተደብቆ በመርከብ እንዴት እንደወጣ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ይሰማሉ፣ በሚቀጥለው ቀን ይቀጥላል፣ ወሬው ትምህርት ቤቱን ያዳርሳል። አብዛኛው ፈጠራ ነው። እዚህ ላይ "ውሸታም" ብላችሁ መጽሐፉን አትዝጉት። ይሄ ልጅ ከአባቱ ያገኘው ዱላና ዝምታ ነው፣ ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚሰራው የሚያዝንለትና የሚወደው አባት ነው፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ። ይሄን መጽሐፍ "ይሄን ማን ነገረህ?" እያላችሁ አንብቡት፣ ሌላ መጽሐፍ ይሆናል።

ይስሐቅ ማን ነው ብሎ ወደ ኋላ መሮጥ

ኦል አወር ኔምስ አንዱ ምዕራፍ ይስሐቅ፣ ቀጣዩ ሄለን እያለ ይቀያየራል። የይስሐቅ ምዕራፎች በአብዛኛው ካምፓላ ናቸው፣ የ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ አካባቢ፣ ሄለን ደግሞ አሜሪካ መሀል አገር ትንሽ ከተማ ያለች ሶሻል ወርከር ናት። ሰው ሶስተኛ ምዕራፍ ላይ "ይሄ ይስሐቅና ያኛው ይስሐቅ አንድ ናቸው?" ብሎ ይደናገርና ኢንተርኔት ላይ መልሱን ይፈልጋል። እባካችሁ አታድርጉት። መደናገሩ ራሱ ነው ታሪኩ። ከኢትዮጵያ የተነሳው ተራኪ አውቶብሱ ኡጋንዳ ድንበር ሲሻገር ወላጆቹ ያወጡለትን ስሞች በሙሉ ይጥላቸዋል፣ ከአባት ወደ አያት ወደ ቅድመ አያት የተያያዘውን ሁሉ። እኛ ሰባት ቤት ቁጠር እየተባልን ላደግን ሰዎች ይሄ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ፈረንጁ አንባቢ እንደ ነጻነት ሊያየው ይችላል፣ ለኛ ግን የመቃብር ያህል ነው።

ሌላው ስህተት የሄለንን ምዕራፎች መዝለል ነው፣ "የሷ ፍቅር ምን አገባኝ" እያሉ። ሄለንና አሜሪካ የመጣው ይስሐቅ አንድ ምግብ ቤት ሲገቡ ለሱ ምግቡ በወረቀት ሳህን የሚመጣበት ክፍል አለ፣ ማንም ማንንም አይሰድብም፣ ማንም አይጮህም፣ ሳህኑ ብቻ ነው የሚናገረው። ያን ዘላችሁ ሰውየው አሜሪካም ገብቶ ለምን እንዳላረፈ አይገባችሁም።

ትንንሽ ነገሮች

ችልድረን ኦፍ ዘ ሪቮሉሽን የሚል መጽሐፍ ካያችሁ አዲስ አይደለም፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ እንግሊዝ ሀገር የወጣበት ርዕስ ነው፣ ሁለቴ እንዳትገዙ። የአሜሪካው ርዕስ ከጣሊያናዊው ገጣሚ ከዳንቴ ግጥም የተወሰደ ነው፣ ከሲኦል ወጥተው ከዋክብትን መልሰው ከሚያዩበት ቦታ፣ ጆሴፍ በጣም የሚወደው መስመር ስለሆነ ሲመጣ አትለፉት።

"ለምን በአማርኛ አልጻፈም፣ እንዲህ ከሆነ የኛ አይደለም" የሚለውንም ብትተዉት ደስ ይለኛል። በሁለት አመቱ የወጣ ልጅ ነው። እዛ የተወለዱ ልጆቻችሁ የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነው፣ ቤታቸው ውስጥ ስላለው ዝምታ የጻፈላቸው ሰው አለ፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አራተኛውን እንደ ወንጀል ታሪክ ማንበብ

ሰምዋን ላይክ አስ ላይ ማሙሽ የሚባል፣ ፓሪስ የሚኖር ጋዜጠኛ ነው ያለው፣ ሚስትና የታመመ ልጅ አለው፣ ለገና እናቱ ጋ ዲሲ አካባቢ ሊመጣ ሲል ነገሩ ይበላሻል፣ ቺካጎ ይገኛል፣ ሲደርስ ደግሞ ሳሙኤል የቤቱ ጋራዥ ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። ሳሙኤል ታክሲ ነጂ ነው፣ የማሙሽ እናት የቅርብ ሰው፣ አባት ተብሎ የማያውቅ አባት። አንባቢው ወዲያው "ማን ገደለው፣ እንዴት ሞተ" ውስጥ ይገባል፣ መጽሐፉ ያን በግልጽ ስለማይመልስለትም ተናዶ ይዘጋዋል። ማሙሽ ፋይል ሲያገላብጥ፣ ሳሙኤል የኖረበትን ሲከታተል የሚፈልገው ገዳይ አይደለም፣ ሰውየው በህይወት እያለ አፍ አውጥቶ ያልጠየቀውን ጥያቄ ነው። ሳሙኤልም ከሞተ በኋላ ማውራቱን አያቆምም፣ ታክሲው ውስጥ ያሉት ንግግሮች አንዴ ትዝታ አንዴ ምኞት ናቸው፣ የቱ የቱ እንደሆነ አጥብቃችሁ ለመለየት አትታገሉ።

ካልጀመራችሁ በመጀመሪያው ጀምሩ፣ ከዛ ወደ አራተኛው ዝለሉ፣ የሱቁ ሰውዬና የታክሲው ሰውዬ በአስራ ሰባት አመት ልዩነት የተጻፉ ሆነው እንዴት እንደሚነጋገሩ ታያላችሁ። ሁለተኛውን ለመጨረሻ አቆዩት፣ ከአራቱ ከባዱ እሱ ነው፣ አባታችሁ በህይወት ካለ ደግሞ ሳትጨርሱት ስልክ ሳትደውሉለት አትቀሩም።